ለቆመ አውቶቡስና ካራቫን የመስኮት ጥላ፦ ፓሽን ፍሩት፣ ወይን፣ ቅል፣ አደንጓሬ ወይስ መረብ?

ከሥራ የወጣ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ ቤት ሆኗል እንበል። ወይም የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ካራቫን፣ ማለትም ተጎታች ቤት፣ ተሰጥቷችኋል። ግድግዳው ላሜራ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። ሸዋሮቢት ላይ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል።

መጋረጃ እዚህ ላይ ብዙም አይፈይድም። ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው መጋረጃው ላይ የሚያርፈው። መጋረጃው ይግላል፤ ሙቀቱም እዚያው ውስጥ ይቀራል። ጥላ ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት። ለዚህ ወይ መረብ ትወጥራላችሁ፣ ወይ ተክል ታሳድጋላችሁ። ተክሉ ቅጠሉ ውሃ ስለሚያተን ራሱ እንደ ላሜራ አይግልም። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

መጀመሪያ ከፍታችሁን፣ ቀጥሎ መስኮታችሁን

ሰሜን ሸዋ ላይ ችግኝ ከመምረጥ በፊት የምትኖሩበትን ከፍታ ማየት ግድ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ሌላ አገር ገብታችኋል። ሸዋሮቢት አጥር ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያምር ተክል ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ስለዚህ «ጓደኛዬ ጋ በደንብ በቅሏል» ብላችሁ አትግዙ። ጓደኛችሁ የት ነው ያለው?

ቀጥሎ የመስኮቱ አቅጣጫ ነው። በአውሮፓ የተጻፈ ምክር ሁልጊዜ የደቡቡን መስኮት አጥልሉ ይላል። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በቀትር ከፍ ስለምትል ጣሪያውን እንጂ መስኮቱን ያን ያህል አትመታም። መስኮት የምታቃጥለው ዝቅ ስትል ነው፤ ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በምዕራብ። የጠዋቷ ብዙ ጊዜ ትወደዳለች። የምዕራቡ መስኮት ላይ የምትገባው ግን ቀኑን ሙሉ የጋለ ላሜራ ላይ የምትጨመር ናት። ገንዘባችሁ ለአንድ መስኮት ብቻ ከበቃ ለምዕራቡ አውሉት።

ፓሽን ፍሩት

ለቆላውና ለወይና ደጋው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለና ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ነው። ሽቦ ካገኘ በራሱ ጅማት እየተጠመጠመ ይወጣል፤ በየቀኑ ማሰር አያስፈልግም። ውሃ ካልጎደለበት በአንድ ዓመት ውስጥ መስኮቱን ይሸፍናል። ፍሬውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ይጀምራል። ሻይ ቤት ላለው ሰው ጁስ ማለት ነው።

ስትገዙ ቢጫው ነው ወይስ ሐምራዊው ብላችሁ ጠይቁ። ቢጫው ሙቀት ይወዳል፤ ለሸዋሮቢትና ለአጣዬ የሚሆነው እሱ ነው። ግን በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም። ከሌላ ተክል የመጣ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ብቻ ገዝታችሁ «አበባ አለው ፍሬ የለውም» እንዳትሉ፣ ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ችግኞች ውሰዱ። ሐምራዊው ቀዝቀዝ ያለ ይወዳል፤ ብቻውንም ያፈራል። እንደ ምንጃር ላለ ወይና ደጋ ይስማማል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ውርጭ አይችሉም።

ጉድለቱ ዕድሜው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፣ ይታመማል። እሱ ሳይደክም ተተኪ ችግኝ አጠገቡ መትከል ያዋጣል።

ወይን

ወይን የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው፤ ከተያዘ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ስለሚራባ ወይን ካለው ጎረቤት በነፃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጠንካራ ዳስ ይፈልጋል። በየዓመቱም መገረዝ አለበት፤ ካልተገረዘ ጥላው አናት ላይ ይሰበሰብና መስኮቱ ባዶውን ይቀራል። በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል። መኪናው ቢያንስ አምስት ዓመት ከቦታው እንደማይነሳ እርግጠኛ ከሆናችሁ ወይን ትክክለኛ ግዢ ነው። ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ግን ልፋቱን ለሌላ ሰው ትታችሁ ትሄዳላችሁ።

ቡገንቪላ

ውበቱን ማን ይክዳል? ውሃ ማጣትም ይችላል፤ እንዲያውም ደረቅ ሲል ነው ይበልጥ የሚያብበው። ግን እሾህ አለው። መስኮት ለመክፈት እጃችሁን በምታወጡበት፣ ሕፃን በሚያልፍበት ቦታ እሾህ አይመከርም። ራሱን ችሎም አይጠመጠምም፤ እየተከታተላችሁ ማሰር አለባችሁ። አጥር ላይ ይሁንላችሁ።

ቅልና አደንጓሬ

እነዚህ የችኩል ሰው ምርጫ ናቸው። የሚገዛው ዘር ብቻ ነው፤ እሱም ከገበያ በትንሽ ብር ይገኛል። ቅል ቅጠሉ ሰፊ ነው። በቆላው ከተዘራ በሁለት ሦስት ወር ጥላ ይሰጣል። ፍሬው ግን ይከብዳል። ተንጠልጥሎ በነፋስ መስታወት እንዳይመታ ከመስኮቱ ፊት ያለውን ገና ትንሽ ሳለ ቁረጡት።

ለደብረ ብርሃን የምመክረው ረጅሙን፣ በእንጨት ላይ የሚወጣውን አደንጓሬ ነው። ቀዝቃዛ አየር ይስማማዋል። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ተዘርቶ እስከ ጥቅምት ያጠልላል፤ ከዚያ ውርጩ ሲመጣ ይረግፋል። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ በመስኮት የምትገባ ፀሐይ ትፈለጋለች፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠልል ተክል እሷን ይነጥቃችኋል። ፍሬውን ስትበሉ በደንብ ይፍላ፤ ጥሬው ሆድ ያውካል።

ሼድ ኔት የሚባለው መረብ

ዛሬ ገዝታችሁ ዛሬ ጥላ ታገኛላችሁ። ውሃ አይጠጣም፣ አይታመምም፣ መኪናው ሲነሳ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ላዩ ላይ የሚጠቀሰው በመቶኛ የሚከልለው የብርሃን መጠን ነው። ለመስኮት 50 በመቶው ይሳሳል፤ ከ70 በላይ ያለውን ፈልጉ። መስታወቱ ላይ አትለጥፉት፤ አየር እንዲያልፍ ራቅ ይበል። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ስለሚያራግበው አራቱንም ማዕዘን አጥብቃችሁ እሰሩ። ከጊዜ በኋላ ፀሐይ ያደርቀውና ይቀደዳል፤ ያኔ እንደገና ግዢ ነው።

የውሃ ነገር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ መረቡን ምረጡ። በርሜል ውስጥ ያለ ፓሽን ፍሩት ሸዋሮቢት ላይ በግንቦት በየቀኑ ይጠማል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ብዙ ሳሙናና ጨው ከሌለበት ማጠጣት ይቻላል።

የማትገዙት

ግንብ ላይ በሥሩ ተለጥፎ የሚወጣውን ሐረግ ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ሥሩ በመስኮቱ ጎማ ሥር ይገባል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ላሜራውን ያዝጋል። ሲነቀልም ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

አተካከሉ

የትኛውንም ብትመርጡ መኪናው ላይ አትሰሩት። ከመኪናው ግማሽ ሜትር ያህል ርቃችሁ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ትከሉ፤ በመካከላቸው ለፓሽን ፍሩትና ለወይን ሽቦ፣ ለአደንጓሬ ሲባጎ ወጥሩ። በክፍተቱ አየር ይመላለሳል፤ መስኮቱም ይከፈታል። መሬቱ የእናንተ ካልሆነ ግማሽ በርሜል ለፓሽን ፍሩት ይበቃል፤ 20 ሊትር ጀሪካን ለአደንጓሬ። የዕቃውን ታች ብሱት፤ በርሜሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፤ ብረቱ ሲግል ሥሩን ያበስላል።

ችግኝ ስትመርጡ ረጅሙን አትውሰዱ። አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን፣ ሥሩ ከላስቲኩ ወጥቶ ያልተጠመጠመውን ውሰዱ። በሰኔ ብትተክሉት ክረምቱ ያጠጣላችኋል። ሸዋሮቢት ያላችሁ ፓሽን ፍሩቱ እስኪደርስ እዚያው ሽቦ ላይ ቅል ዝሩበት፤ የመጀመሪያውን ዓመት እሱ ያጠልላል። በሩንና የአደጋ ጊዜ መውጫ መስኮቱን ግን በተክልም በመረብም አትዝጉ።