ብሔራዊ ሙዚየም፦ ከድንቅነሽ አልፋችሁ ተመልከቱ

አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ያላያችሁ ካላችሁ በቃ ሂዱ። ብዙ ሰው ድንቅነሽን አይቶ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። እሷማ ታስደንቃለች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ ግን በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ የሄደች! (የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ተቀምጧል።)

እኔን ይበልጥ የያዙኝ የድንጋይ መሣሪያዎቹ ናቸው። አፋር ውስጥ ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ተገኝተዋል። ጠጋ ብላችሁ ጠርዙን እዩት፤ አንድ ሰው ድንጋይ በድንጋይ መትቶ ሆን ብሎ ስለት አውጥቶለታል።

ከምድር ቤት ስትወጡ ደግሞ ከትግራይ ሐውልቲ የመጣው የድንጋይ ዙፋን አለ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት የተሠራ። እሱ ፊት ቆዩ። ዙፋን ካለ የሚቀመጥበት ገዥ አለ፣ ድንጋይ ሲቀርጽ የሚውል ባለሙያ አለ፣ ያንን ባለሙያ የሚመግብ ትርፍ እህል የሚያመርት ገበሬም አለ። መንግሥት፣ የሥራ ክፍፍል፣ የመደብ ልዩነት የምንለው ሁሉ እዚያ አንድ ዕቃ ላይ ይነበባል። በሳባ ፊደል የተጻፉትን ድንጋዮችም እንዳታልፏቸው።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ከእኔ 5 ኮከብ።