«የቪክቶሪያ ዘመን ነው» ካሏችሁ መጀመሪያ ወንበሩን ገልብጡት

አሜሪካ ሆናችሁ አሮጌ የቤት ዕቃ በኦንላይን የምትገዙ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ጓደኛዬን ተከትዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሳሎን ወንበር ለማየት ሄጄ ነበር። ጀርባው ላይ አበባ ተፈልፍሎበታል፣ እግሩ ቆልመም ያለ ነው፣ ልብሱ ቀይ ከፋይ። ሻጩ «የ1860ዎቹ ኦሪጅናል ነው፣ ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ብሎ 900 ዶላር ጠራ። ገልብጠን እንየው ስንለው ፊቱ ተለዋወጠ። ሳንገዛ ወጣን።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ነው። ይህ ዓይነቱ ወንበር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመንም እየተመሰለ በብዛት ተሠርቷል። ስለዚህ አበባውና ቆልማማው እግር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚናገረው ሆዱ ነው።

ከስር በባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈታ ቪቴ ካያችሁ ጠርጥሩ። እሱ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። አንድ ቪቴ ብቻ ከሆነ ግን የኋላ ጥገና ሊሆን ይችላል። ልብሱ የተመታበትን እንጨትም እዩ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ወንበር ልብሱ ደጋግሞ ስለሚቀየር እንጨቱ በትንንሽ የሚስማር ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። የስቴፕል ምልክት ብቻ ካለ ዕድሜው አጠራጣሪ ነው።

እውነተኛ አሮጌ ሆኖም «ታድሷል» የሚለው ቃል ራሱ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። የዘመኑ መቀመጫ በሲባጎ የታሰረ ሞላ፣ ጆንያና የፈረስ ፀጉር ነበረው። ብዙዎች ይህን ሁሉ አውጥተው ይጥሉና ስፖንጅ ይሞሉበታል። የድሮውን ቫርኒሽ በኬሚካል ልጠው በአዲስ ያብለጨልጩታል፤ ዘመን የሰጠው ቀለም አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማጣበቂያው ነው። የድሮው ኮላ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ስለሆነ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፣ ባለሙያ መጋጠሚያውን ፈትቶ መልሶ ያጣብቀዋል። ኢፖክሲ በሚባለው የማይለቅ ዘመናዊ ማጣበቂያ ከተደፈነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው።

«ቤልተር ነው» የሚላችሁም አይጠፋም። ጆን ሄንሪ ቤልተር የኒውዮርክ ባለሙያ ነበር፣ ሥራው ዛሬም ውድ ነው። የታወቀበት ወንበር ጀርባው ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ስስ ንጣፎች ተደራርበው ተጣብቀው የታጠፉበት ነው። ንጣፉ ጠርዙ ላይ ካልታየ ወሬ ነው። ቢታይም ሌሎችም እንዲህ ይሠሩ ስለነበር ስሙን ብቻውን አያረጋግጥም። ከዋልነት እንጨት የተሠራው ተራ ወንበር ግን ዋጋው ከወረደ ቆይቷል፤ ጨረታ ላይ ከጠበቃችሁት በታች ታገኙታላችሁ።

ሻጮች ሌላም ዘዴ አላቸው። ወንበሩን በርካሽ ይሰጧችሁና «ማደሱን እኔው እጨርስልሃለሁ» ብለው ቀብድ ይጠይቃሉ። ልብስ ማልበሱ ከወንበሩ በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚገባ፣ በምን እንደሚጣበቅ በጽሁፍ ተቀበሉ። ታድሶ ያለቀ ከሆነ ከመታደሱ በፊት የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፣ ከስር ያለውን ጥቁር ጨርቅም በአንድ ጥግ ያስከፍትላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።