58 አግኝቼ የገባሁባት የደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ማሰልጠኛ

ጥር ላይ የስድስት ወር ምዘናዬ ተሰጠኝ። ከመቶ 58። ፈርሜ ወጣሁ።

ንብረት ክፍል ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሰነፍ ተብዬ አላውቅም። ውርጩ ሳይለቅ ግምጃ ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ የደብረ ብርሃንን የጥር ጠዋት የሚያውቅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ግን ከቢን ካርድ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ ከሚጻፍበት ካርድ፣ ወደ ኤክሴል ከዞርን ወዲህ ሪፖርቴና መደርደሪያው አልገጥም አሉ። ኮምፒውተሩ 40 ደስጣ ወረቀት አለ ይላል፣ እኔ ደጋግሜ ብቆጥር 28 ነው። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ጉድለት ምን እንደሚያስጠረጥር ያውቃል። ማንም ፊት ለፊት ሌባ አላለኝም። ግን ስገባ ወሬ ይቆም ነበር፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አለቃዬ "ሥልጠና ውሰድ" አሉኝ፣ የምን ሥልጠና እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ስጠይቅ ስጠይቅ አንድ ጓደኛዬ ይህችን ማሰልጠኛ ጠቆመኝ። ከአስፋልቱ ገባ ብላ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ 12 ኮምፒውተር አላት። ስሟን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ስድስት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ11፡30 እስከ ማታ 1፡30 ተማርኩ። ከሥራ ወጥቶ ለሚሄድ ሰዓቱ ይመቻል።

የመጀመሪያው ቀን እንደማንኛውም ቦታ ነው። ይህ ማውስ ነው፣ ይህ ኪቦርድ ነው። ገንዘቤን ያባከንኩ መስሎኝ ነበር። ስንወጣ አሠልጣኟ ጠራችኝና "ጋሼ፣ ሥራ ላይ የሚያስቸግርዎት ፋይል ካለ በፍላሽ ይዘው ይምጡ፣ በእሱ እንለማመዳለን" አለችኝ። ከሃያ አምስት ዓመት የምትዘል አትመስልም። በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅጄ ፋይሉን ይዤ ሄድኩ።

ያን ማታ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ፋይሉን ከፈተች፣ ዝም ብላ ወደታች ወረደችና በእስክሪብቶዋ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገች። "ጋሼ፣ ቀኖቹን ይዩዋቸው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ለምን ወደ ግራ ተጠጉ?" አየሁ። ሌሎቹ ቀኖች በሙሉ ሳጥናቸው ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግተዋል። ሁለት መስመሮች ግን ግራ ላይ ናቸው። አንዱ ጷግሜ 3 ነው፣ 7 ደስጣ ወጪ የሆነበት። ሌላው ጥቅምት 30፣ 5 ደስጣ። ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ መስከረም 5 ለማለት 5/1 ብዬ ስጽፍ እሱ ጃንዋሪ 5 ብሎ ይይዘዋል፣ ቅደም ተከተሉ ስለማይዛባ ችግሩ አይታወቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ስጽፍ ግን ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ሆነበት፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጷግሜማ 13ኛ ወር ናት፣ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሪፖርቱ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን ወጪ ደምር ስለሚል ጽሑፍ የሆኑትን ይዘላቸዋል። ስህተት ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ይዘላል። ሞዴል 22ቱ፣ ማለትም የዕቃ ወጪ ደረሰኙ ላይ በፊርማ የወጣው ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ እንዳልወጣ ሆኖ ቀረ።

እዚያው ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ብለን ሦስት ዓምድ አደረግነው፣ በየዓምዱ ቁጥር ብቻ። አሁን ጷግሜም 13 ተብላ በሰላም ትገባለች፣ ድምሩም በወር ቁጥር ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በኤክሴል ንብረት የምትመዘግቡ ሁሉ ዛሬውኑ ጷግሜያችሁን ፈትሹ።

ቪሉክአፕም እዚያው ተማርኩ። የዕቃ ኮድ አስገብቶ ዋጋ የሚያመጣው ቀመር ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ዜሮ ካልጨመራችሁበት ልክ ያንኑ ኮድ ሳይሆን የሚቀርበውን ያመጣል፣ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ደግሞ የማይገናኝ ዋጋ ይሰጣችኋል። እኔ ስንት ወር ያለ ዜሮ ስጠቀም ከርሜያለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ የላቸውም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሦስት ማታ ሥራችን ጠፍቶ እንደገና ጀምረናል። ማካካሻ ቀን አልሰጡንም፣ ይህ ልክ አይደለም። የቅዳሜና እሁዱ ፈረቃ ደግሞ ይጨናነቃል። አንድ ልጅ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን እየወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ እዚህ ሲደርስ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ነው። ያን ያህል መንገድ ለሚመጣ ሰው ወንበር ማስያዝ ምንም አይከብድም ነበር። የአማርኛ ጽሕፈቱንም የሚያስተምሩት ዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ እኩል የሚነበበው የፊደል አሠራር) ባልሆነ በድሮ ፎንት ነው። ደብዳቤዬን መሥሪያ ቤት ስከፍተው ፊደሉ ዝብርቅርቅ ብሎ ጠበቀኝ። ነግሬያቸዋለሁ፣ እንለውጣለን ብለዋል። ሰርተፊኬት የሚፈልግ ደግሞ ክፍያው ለብቻ መሆኑን ሲመዘገብ ይጠይቅ፣ ለእኔ የተነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ግን የከፈልኩት ለሰርተፊኬት አይደለም። የካቲት ላይ የስድስቱን ወር ሪፖርት እንደገና ሠርቼ፣ ሞዴል 22ቶቹን አያይዤ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መስመር በመስመር አብረን አየነው። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና "ይህን ለሌሎቹም አሳያቸው" አሉኝ። ሰኔ 30 በተዘጋው ምዘና 81 አገኘሁ። የሐምሌው ቆጠራም ከኮምፒውተሩ ጋር ገጠመ፣ አንድ ደስጣ እንኳ አልጎደለም።

ለመመዝገብ ያሰበ የሥራ ቀኑን ፈረቃ ይምረጥ። የሚያስቸግረውን ፋይል አስፈቅዶ በፍላሽ ይያዝ፣ ካልጠየቁትም ራሱ ያቅርብ፣ ምክንያቱም ሁሉም አሠልጣኝ እንደ እሷ አይጠይቅም። ጋቢም ይደርብ፣ ማታ ማታ ክፍሉ በጣም ይቀዘቅዛል።