ለከፍታ ልኬት የትኛውን መቀበያ ልግዛ? አራት የሳተላይት አማራጮች ከነስህተታቸው

በሳተላይት መቀበያ ሻጮች መግለጫ ወረቀት ላይ ሁለት የስህተት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለአግድም 8 ሚሊ ሜትር፣ ለከፍታ 15 ሚሊ ሜትር። ብዙ ገዢ የመጀመሪያውን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ያው ትንሽ ይብሳል» ብሎ ያልፈዋል። ቦይ የሚቀድድ፣ የፍሳሽ ቧንቧ የሚዘረጋ ወይም የግድብን መስመጥ የሚከታተል ሰው ግን ጉዳዩ ከሁለተኛው ቁጥር ጋር ነው። ያም ቁጥር ቢሆን የሚገኘው ሰማዩ ክፍት፣ ቤዙ (በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት የሚልከው መቀበያ) ቅርብ፣ የአንቴናው ቁመት በትክክል የተለካ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ መሣሪያዎቹን በወረቀታቸው አላወዳድርም። የማወዳድራቸው የትኛውን ስህተት አስወግደው የትኛውን ለገዢው እንደሚተዉለት በማየት ነው።

ከፍታ ለምን ይብሳል?

አግድም አቀማመጥ ሲሰላ ሳተላይቶች በምሥራቅም በምዕራብም፣ በሰሜንም በደቡብም አሉ፤ የአንዱ ጎን ስህተት በሌላው ጎን ይጣፋል። ከእግራችን በታች ያሉትን ግን ምድር ራሷ ጋርዳቸዋለች፤ የምናያቸው በሙሉ ከላይ ናቸው። በዚህ ላይ የመቀበያው ሰዓት መዛባትና የአየሩ መዘግየት የሁሉንም ሳተላይቶች ርቀት በአንድነት ስለሚያረዝሙ ስሌቱ እነሱንና ከፍታን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። የከፍታ ስህተት ከአግድሙ አንድ ተኩል ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቻናል (የምልክት መቀበያ መስመር) ብዛት ይህንን አይፈውስም። ከሺህ በላይ ቻናል ያለው መቀበያም ሳተላይቶቹን የሚያየው ከላይ ብቻ ነው።

አንደኛው፦ ባለ አንድ ድግግሞሽ መቀበያ

በጣም ርካሹ ይህ ነው፤ የሚተወው ስህተትም ትልቁ ነው። ምልክቱ በአይኖስፌር (በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ የመዘግየቱ መጠን እንደ ድግግሞሹ ይለያያል። በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ ሁለቱንም የሚቀበል መሣሪያ ልዩነታቸውን አይቶ መዘግየቱን አስልቶ ያወጣዋል። አንዱን ብቻ የሚቀበለው ግን ሳተላይቶቹ በሚያሰራጩት የክሎቡቻር ሞዴል ላይ ይደገፋል፤ ይህ ሞዴል ሲሠራም የታሰበው ከስህተቱ ግማሽ ያህሉን እንዲያነሣ ነበር። የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታበት ዓመት፣ በተለይም በምድር ወገብ ዙሪያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የቀረው ግማሽ ብዙ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ለከፍታ ሥራ አይግዙት። አንድ ቦታ ላይ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ የሚንሸራተት ተዳፋትን ወይም ግድብን ለመከታተል በአንድ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ ነጥቦች ላይ መቀበያ መትከል ካስፈለገ። በዚህ ርቀት ሁለት መቀበያዎች የሚያዩት አይኖስፌር ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ ልዩነታቸው ሲወሰድ ስህተቱ ይጠፋል። በአንድ ውድ መቀበያ ዋጋ ብዙ ርካሽ መቀበያዎች መትከል እዚህ ላይ ብልህነት ነው።

ሁለተኛው፦ የራስ ቤዝና ሮቨር

ቤዙ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ሮቨሩ፣ ማለትም ተንቀሳቃሹ መቀበያ፣ ወደሚለኩት ነጥቦች ይዞራል። አርቲኬ ተብሎ የሚታወቀው ይህ አሠራር የሚያምረው ስህተቶችን ሳያውቃቸው በማጣፋቱ ነው። ቤዙና ሮቨሩ የጋራ ያደረጉት ሁሉ በልዩነት ይወጣል። ለምሳሌ ሳተላይቱ የሚያሰራጨው የምህዋር መረጃ 1 ሜትር ቢሳሳት፣ ሳተላይቱ ያለው 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስለሆነ፣ በ10 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ምህዋር ለመጨነቅ ምክንያት የለም።

የሚያስጨንቀው ትሮፖስፌር፣ ማለትም ታችኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በባህር ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚመጣ ምልክት በደረቁ አየር ምክንያት 2.3 ሜትር ያህል ይዘገያል፤ እርጥበቱ ደግሞ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ከአድማስ 5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካለ ሳተላይት ሲመጣ ይህ ሁሉ በአሥር እጥፍ ያድጋል። ሁለተኛ ድግግሞሽ መጨመር አይረዳም፤ ትሮፖስፌር ሁለቱንም ድግግሞሾች እኩል ነው የሚያዘገየው። የደረቁን ክፍል ሞዴሎች በደንብ ያወጡታል። እርጥበቱ ግን ከሰዓት ሰዓት፣ ከሸለቆ ወደ ኮረብታ ስለሚለዋወጥ ያመልጣቸዋል። በቀያሾች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፦ በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥታ ወደ ላይ ባለው መዘግየት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስህተት ከቀረ ከፍታው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይወጣል። ቤዙን ሸለቆ ውስጥ ተክሎ ሮቨሩን 500 ሜትር ከፍ ወዳለ ተራራ የወሰደ ሰው፣ የአግድም ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ሁለት የተለያዩ አየሮችን እየለካ ነው። ወረቀቱ ከቤዙ ለራቁበት ርቀት የሚደምረው «በየኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር» የሚለው ቁጥር ስለ ከፍታ ልዩነቱ ምንም አይናገርም።

ሌላው የዚህ አማራጭ ወጥመድ ቤዙ ራሱ ነው። የቤዙ ከፍታ በአንድ ሜትር ቢሳሳት የሮቨሩ ነጥቦች በሙሉ በአንድ ሜትር ይሳሳታሉ፤ ሁሉም እኩል ስለሚሳሳቱም እርስ በርሳቸው ሲመሳከሩ ውብ ሆነው ይታያሉ። ቤዙን ባልታወቀ ነጥብ ላይ አቁሞ «ያለሁበትን ተቀበል» የሚለውን ቁልፍ መጫን የሚያስከትለው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው፦ የቋሚ ጣቢያዎች መረብ ደንበኝነት

ቤዝ መግዛት ቀርቶ ሮቨር ብቻ ይገዛሉ፤ እርማቱ በሞባይል ኢንተርኔት ይመጣል። ጣቢያዎቹ ብዙ ስለሆኑ አይኖስፌሩንና ትሮፖስፌሩን በመካከላቸው አስልተው ያቀርባሉ፤ ከአንድ ሩቅ ቤዝ ይልቅ በጣም የተሻለ ነው። የቤዙን ከፍታ የመሳሳት አደጋም ከእርስዎ ትከሻ ይወርዳል። ሦስት ነገሮችን ግን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ ሥራዎ ያለው በመረቡ ውስጥ ነው ወይስ ከጠርዙ ውጪ? ጣቢያዎቹና ሥራዎ ያለበት ቦታ በከፍታ ይቀራረባሉ ወይ? አገልግሎቱ የሚሰጠው ከፍታ በየትኛው ማጣቀሻ (የከፍታ መነሻ) ላይ የተመሠረተ ነው? ከጠርዙ ውጪ ሮቨሩ ቁጥር መስጠቱን አያቆምም፤ ጥራቱ ግን ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል።

አራተኛው፦ ያለ ቤዝ መሥራት፣ ፒፒፒ

ፒፒፒ አንድን ነጥብ በአንድ መቀበያ ብቻ በትክክል የማስላት ዘዴ ነው። እዚህ ቤዝ የለም፤ ስለዚህ በልዩነት የሚጠፋ ነገርም የለም። ሁለተኛው አማራጭ ሳያውቀው የሚያጣፋውን ሁሉ ይህኛው አንድ በአንድ ማስላት አለበት። ለምሳሌ ጨረቃና ፀሐይ ባህርን ብቻ ሳይሆን ጠንካራውን መሬትም ያነሡታል፤ የቆሙበት ነጥብ በቀን ውስጥ በአሥራዎቹ ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉ ቤዝና ሮቨር አብረው ስለሚነሡ አይታወቃቸውም፤ ፒፒፒ ግን በሞዴል ካላወጣው እንዳለ ከፍታው ላይ ያርፋል። በባህር ዳርቻ አካባቢ የውሃው ክብደት መሬቱን በሴንቲ ሜትሮች ሲጫነውም እንዲሁ። የሳተላይት ሰዓትና ምህዋርም እዚህ ቁም ነገር ይሆናሉ።

ዋጋው ጊዜ ነው፤ ውጤቱ እስኪረጋ 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከፍታውም ለመርጋት ከሚዘገዩት አንዱ ነው። የጋሊሊዮ (የአውሮፓ የአሰሳ ሳተላይቶች) ነፃ የትክክለኛነት አገልግሎት ከጥር 2023 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ጀምሮ እየተሰራጨ ነው፤ ያስቀመጠው ግብ ግን ለአግድም 20፣ ለከፍታ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ለካርታ ሥራ ይበቃል፤ ለቧንቧ ተዳፋት አይበቃም። በሌላ በኩል 24 ሰዓት ሙሉ ተመዝግቦ፣ ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የአሰሳ ሳተላይቶች) አገልግሎት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በሚያወጣው የመጨረሻ ምህዋር፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትክክለኛነት ባለው፣ ሲሰላ ይኸው ዘዴ ለጂኦዴሲ (ለምድር ልኬት ሳይንስ) የሚመጥን ከፍታ ይሰጣል።

ይህ አራቱንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ መቀበያው ጥሬ መረጃውን መዝግቦ በራይኔክስ (የተለያዩ ሶፍትዌሮች በሚያነቡት የጋራ የፋይል) ቅርጽ ያወጣል? ካላወጣ አይግዙት። ለረጅም ሰዓት መቆም ጥቅሙ አማካይ መውሰድ ብቻ አይደለም፤ ሳተላይቶቹ ከአድማስ ወደ ላይ ሲወጡ የአየሩ መዘግየት እየተለወጠ ስለሚሄድ ስሌቱ እሱንና ከፍታን መለየት ይችላል። አምስት ደቂቃ የቆመ መቀበያ ይህን ዕድል አያገኝም።

ገንዘቡን አንቴናው ላይ ያውሉት

አንቴና ምልክቱን የሚቀበልበት ነጥብ በእጅ የሚነካ አይደለም፤ እንደ ሳተላይቱ አቅጣጫና ከፍታ ይዋልላል። የሁለት የተለያዩ ሞዴሎች አንቴና ቀላቅሎ በየራሳቸው ካሊብሬሽን (ይህን መዋለል ለክቶ በሚያርም ሠንጠረዥ) ያላረመ ሰው ከፍታው ላይ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊያጣ ይችላል፤ አግድሙ ደህና ሆኖ ስለሚታይ አይጠረጥርም። ስለዚህ የሚገዙት አንቴና ዓለም አቀፉ አገልግሎት በሚያወጣው የካሊብሬሽን ፋይል ውስጥ ስሙ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ከግድግዳ፣ ከመኪና ጣሪያ ወይም ከውሃ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣ ምልክት ሌላው ጠላት ነው። በሞገዱ ልኬት ላይ በአንድ ድግግሞሽ የሚያደርሰው ከፍተኛ ስህተት የሞገዱ ርዝመት ሩብ፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በኮዱ (ሞገዱ በሚሸከመው ሻካራ የርቀት መለኪያ ምልክት) ላይ ግን ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ክብ ክብ ቦዮች ያሉት ከባዱ አንቴና የሚሠራው ከታች የሚመጣውን ለመግታት ነው። ለቋሚ ጣቢያ ይግዙት፤ በዘንግ ላይ ተሸክሞ ለመዞር ግን ቅጣት ነው።

ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ግን ርካሽ ነው፤ የአንቴና ቁመት። አንድ ጊዜ የራሴው ቡድን ከነጥቡ እስከ አንቴናው ጠርዝ በሰያፍ ለክቶ 1.300 ሜትር ጻፈ፤ እኔም በሶፍትዌሩ «ቀጥታ» በሚለው ሥር አስገባሁት። የአንቴናው ሳህን ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 19 ሴንቲ ሜትር ነበር። ትክክለኛው ቀጥታ ቁመት 1.286 ሜትር ነው፤ 14 ሚሊ ሜትር በአንድ ምርጫ ጠፋ። በወረቀቱ ላይ ያለው የመሣሪያው ስህተት በሙሉ ያህል ማለት ነው። የዘንግ መዘንበል ግን በከፍታ ረገድ ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ 2 ሜትር ዘንግ በ2 ዲግሪ ቢዘም አግድሙ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሸሽ ከፍታው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀንሳል። ዘመናዊዎቹ ሮቨሮች በውድ የሚሸጡት የመዘንበል ማረሚያ ለአግድም ሥራ እንጂ ለከፍታ ብዙም ትርፍ የለውም። ጥሩ ውሃ ልክና ለስላሳ መሬት ላይ የማይሰምጥ የዘንግ ጫማ ይሻላሉ።

በካርቶኑ ውስጥ የማይመጣው

አራቱም አማራጮች የሚለኩት ከፍታ ከኢሊፕሶይድ ነው፤ ኢሊፕሶይድ ምድርን የሚወክል የሒሳብ ቅርጽ ስለሆነ ውሃ አይታዘዘውም። ውሃ የሚታዘዘው ለጂኦይድ፣ ማለትም የምድር ስበት ለሚወስነው የባህር ወለል መሰል ገጽ፣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከህንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ ወደ 106 ሜትር ዝቅ፣ በኒው ጊኒ አካባቢ ወደ 85 ሜትር ከፍ ይላል። መቀበያው «ከባህር ወለል በላይ» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር ውስጡ ከተጫነ የጂኦይድ ሞዴል የመጣ ነው፤ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። ኢጂኤም2008 የሚባለው ነፃ ሞዴል የሚያሳየው 9 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆነውን ቅርጽ ነው፤ የስበት ልኬት ባነሰበት ተራራማ ምድር ስህተቱ በአሥራዎቹ ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። የ15 ሚሊ ሜትር መቀበያ የ30 ሴንቲ ሜትር ጂኦይድ ላይ ሲቀመጥ ውጤቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። መድኃኒቱ በሥራው ዙሪያ በሌቭል (በአግድም መስመር እያዩ የከፍታ ልዩነት በሚለኩበት መሣሪያ) የተለኩ ቢያንስ አራት ነጥቦችን በመቀበያው መልሶ ለክቶ ልዩነቱን ማረም ነው፤ ይህንን የትኛውም ሻጭ አይሸጥልዎትም።

እኔ ብሆን

የኢንተርኔት ሽፋንና ጥሩ መረብ ባለበት ሦስተኛውን፣ በሌለበት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ጥሬ መረጃ የሚመዘግቡ ከሆነ። በረሃ ወይም ደሴት ላይ ጥቂት መነሻ ነጥቦችን ለመትከል አራተኛው ይበልጣል። የግንባታ መስመጥን በሚሊ ሜትር መከታተል ከሆነ ደግሞ አራቱንም ትቼ የሌቭል መሣሪያ እገዛለሁ።

ሻጩ ለሙከራ ሲያውስዎት በአንድ ነጥብ ላይ አሥር ጊዜ ቁልፍ ተጭኖ የተገኘውን መመሳሰል አይቁጠሩለት፤ በደቂቃዎች ውስጥ አየሩም ነጸብራቁም አልተለወጠም። ነገ በዚያው ሰዓት መመለስም ያታልላል፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ወደ ነበሩበት የሰማይ ቦታ ስለሚመለሱ ያው ነጸብራቅ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። የመጀመሪያውን ጠዋት ከለኩ ሁለተኛውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ ትራይፖዱን አንሥተው እንደገና ይትከሉት፤ የአንቴናውንም ቁመት የመጀመሪያውን ቁጥር ያላየ ሌላ ሰው ይለካው።