ጅማ ውስጥ መኪና ዝቅ ማስደረግ ለምታስቡ፣ እኚህን መካኒክ ልጠቁማችሁ

ምስጋናዬ ዘግይቷል። ሥራው ካለቀ አራት ወር ሆኖታል። ግን ክረምቱን ነድቼባት ሳልወጣ መመስከር አልፈለግሁም። የጅማን ክረምት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1995 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ መኪና ናት። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግን ሁሌ ይከነክነኝ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ አራቱንም ሞላ በግራይንደር ቆረጠልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከሥር "ጓ!" ትል ጀመር። ኩርባ ላይ ደግሞ ኋላዋ ይዘላል።

ጓደኛዬ ነው ሄርማታ አካባቢ ወዳሉት ጋሼ የላከኝ። ስለ ዋጋ ምንም ሳያነሱ በክሪክ አነሷትና ጎማውን ፈቱ። "ና እስቲ እይ" ብለው የተቆረጠውን ሞላ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ዞረ። መኪናዋን የሚሸከመው ብረት መቀመጫው ላይ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። "ልጄ፣ ጎማህ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ይሄ ቦታውን ይለቃል" አሉኝ። ክው አልኩ።

ከዚያ በርጩማ ላይ አስቀምጠውኝ ቡና እየጠጣን አስረዱኝ። ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ አይደለም፣ ጥምዝምዙ ስለሚቀንስ ይደርቃል። የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው አሞርዛተር ደግሞ የተሠራው ለድሮው ቁመት ነው። መሄጃ ሲያጣ መጨረሻው ላይ ያለውን ጎሚኒ (ላስቲክ) እየመታ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሞላው ከፋብሪካው ለዚያች መኪና አጭር ተደርጎ የተሠራ፣ አሞርዛተሩም ከእሱ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

እኔ ስልኬ ላይ ኮይልኦቨር አሳየኋቸው፤ ያ ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆኖ ጥርሱ እየተዞረ ከፍታው የሚስተካከለውን። አልናቁትም። "ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የኛ ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ከዛገ አልዞርም ይልሃል፣ በየጊዜው አጥበህ ቅባት መቀባት አለብህ" አሉ። 6 ሴንቲ ዝቅ ትበል ስላቸውም ሜትር አውጥተው ከሞተሩ ሥር እስከ መሬት ለኩና "3 ይበቃሃል" አሉ። ተከራከርኳቸው። ክረምት ላይ፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ ሳይታየኝ ስገባበት፣ ያቺ 3 ሴንቲ ምን ማለት እንደሆነች ገባኝ።

ሞላዎቹን ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ አመጣልኝ። አሞርዛተሮቹን እሳቸው አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደውለው አስመረጡልኝ። የላይኛውን ጎሚኒ "መፈታቱ ካልቀረ" ብለው አስቀየሩኝ። ሌላ ልገዛው የነበረውን ዕቃ ግን "ይሄ ደህና ነው፣ ብርህን አታባክን" ብለው አስቀሩኝ።

በጣም የገረመኝ የተገጠመ ቀን ነው። ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች አላጠበቋቸውም። መሬት አውርደው፣ በራሷ ክብደት ካስቀመጧት በኋላ ሥሯ ገብተው አጠበቁ። ለምን ስላቸው፣ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ቀርቶ ይቀደዳል አሉኝ። ከዚያ የጎማውን አቅጣጫ በሲባጎ አስተካክለው አላይመንት ማሽን ወዳለበት ላኩኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። ሞላው አሁን ረግቷል፣ ጎማህ ከውስጥ በኩል እንዳይበላ እንደገና ይታይ አሉ። ለዚህኛው ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስኩ። የግቤን ጠመዝማዛ ስወርድ መሪው እጄ ላይ ጸጥ እንዳለ ነበር። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው በባጃጅ ይሞላል።