ወንዶ ገነት ወይስ ቦንጋ?

ደንና ፍል ውሃ አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ከባድ ነው።

መንገድ፦ ወንዶ ገነት ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሻሸመኔ አጠገብ ናት። ቦንጋ በጅማ በኩል ከ400 ያልፋል። ነዳጁም አልጋውም ይጨምራል።

ፍል ውሃ፦ ወንዶ ገነት ላይ ውሃው ወደ መዋኛ ገንዳ ይገባል። ቦንጋ አካባቢ ግን ጫካ አቋርጠው ነው የሚደርሱበት፤ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይያዙ።

ደን፦ እዚህ ላይ ቦንጋ ያለችበትን የከፋን ዞን የሚያህል የለም! ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት (ተፈጥሮው ከነነዋሪው በሚጠበቅበት ቦታነት) መዝግቦታል። ጉሬዛ ሁለቱም ጋ አለ።

ዝናብ፦ ከፋ ብዙ ይዘንባል። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሻላል።

ሁለት ቀን ብቻ ካለዎት፣ ልጆችም ከያዙ፣ ወንዶ ገነት። አምስት ቀንና ጠንካራ ጫማ ካለዎት ቦንጋ ይሂዱ፤ የጫካ ቡናውን እዚያው ይጠጡ።