የሩቤላ ምርመራ ለደሴና ለኮምቦልቻ ላቦራቶሪዎች፦ ካሴት፣ ኤላይዛ ወይስ ማሽን?

ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) በቫይረስ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ምርመራው ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ደም ውስጥ መከላከያ (አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል) መኖሩን ያያል። የሩቤላ ኪት (የመመርመሪያ ዕቃ ስብስብ) ሊገዛ ያሰበ የላቦራቶሪ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። አይፈረድበትም። በዚህ ምርመራ ግን ከዋጋ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ኪቱ ሲሳሳት በየት በኩል ነው የሚሳሳተው?

ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። መከላከያ ያላትን ሴት «የለሽም» ቢላት፣ ቢበዛ የማያስፈልጋትን ክትባት ትወጋለች። ነፍሰ ጡር እስካልሆነች ድረስ የሚጎዳት ነገር የለም። የሌላትን «አለሽ» ካላት ግን ልቧን ጥላ ትፀንሳለች። ሩቤላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከያዛት ልጁ የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግር ወይም የልብ ሕመም ይዞ ሊወለድ ይችላል። ይህን በ1941 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ኖርማን ግሬግ የተባለ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ነበር። ስለዚህ እኔ የምመርጠው አጠራጣሪውን «አለ» ከማለት ይልቅ «ይደገም» የሚል ኪት ነው።

በነገራችን ላይ «ልጅ ሆኜ የኩፍኝ ክትባት ወስጃለሁ» የምትል ደንበኛ ትመጣለች። መልስ አይሆንም። የአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ለረጅም ዓመታት ኩፍኝን እንጂ ሩቤላን አልያዘም።

በካሴቱ እንጀምር፤ ናሙና ጠብ ተደርጎበት ውጤቱን በመስመር የሚያሳይ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ ማሽን አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም፣ ደንበኛዋ ቁጭ ብላ ውጤቷን ይዛ ትሄዳለች። ችግሩ ደብዛዛዋ መስመር ናት። የጠዋቱ ባለሙያ «ትታያለች» ያላትን የከሰዓቱ «የለችም» ይላል። የመከላከያ መጠናቸው አነስተኛ የሆነ ሴቶች ደግሞ የሚወድቁት እዚያችው መስመር ላይ ነው። ብዙዎቹ ካሴቶች ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ ሳጥናቸው ላይ ተጽፏል። ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ዕቃ ቤት በበጋ ይህን ሳያልፍ አይውልም። ከአይጂኤም (ሰውነት በሕመሙ መጀመሪያ የሚያወጣው ፀረ እንግዳ አካል) ጋር ተጠቃሎ «ቶርች» (ለፅንስ የሚያሰጉ ሕመሞችን ባንድ ላይ የሚያይ ኪት) እየተባለ የሚሸጠውንማ ለዚህ ሥራ ባትገዙት ይሻላል። አይጂኤም የቅርብ ጊዜ ሕመምን ይፈልጋል እንጂ መከላከያን አይለካም። በሌላ ቫይረስ ወይም በሩማቶይድ ፋክተር (አንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኝ፣ ምርመራ የሚያሳስት ፀረ እንግዳ አካል) ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ጤነኛ ነፍሰ ጡርን በከንቱ ማስደንገጥ ነው ትርፉ።

ኤላይዛ ሌላ ዓለም ነው፤ መከላከያውን በቀለም ለውጥ ይለካል። ፕሌቱ 96 ዌል (ትንንሽ ጉድጓድ) አለው፤ ባለ 8 ዌል ስትሪፖቹን እየነቀሉ መሥራት ይቻላል። ግን ካሊብሬተሩም (መጠኑ የታወቀ መለኪያ)፣ ኮንትሮሉም (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መፈተሻ)፣ ባዶ ዌሉም ቦታ ይይዛሉ። ለሦስት ሴቶች ብቻ ከከፈታችሁት ከታካሚ ይልቅ ለካሊብሬተር ነው የምትከፍሉት። ናሙና አጠራቅሞ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራ ላቦራቶሪ ነው የሚያዋጣው።

ጥራቱ የሚበላሸው ደግሞ አጠባ ላይ ነው። ዌሉ ውስጥ የማጠቢያ ውሃ ከቀረ፣ ወይም ያልተያያዘው ነገር በደንብ ካልታጠበ፣ ቀለሙ ያለ ቦታው ይወጣል። ፕሌቱን ገልብጦ ንጹሕ ወረቀት ላይ መታ መታ ማድረግ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውጤቱን ግን ይለውጠዋል። ሌላው ሙቀት ነው። «በክፍል ሙቀት» የሚል ኪት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ ክፍል 20 አይደርስም። ሪኤጀንቱም (የመመርመሪያው ፈሳሽ) ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይለዝብ ከተሠራበት ንባቡ ዝቅ ይላል። የደሴ ገዢ ከሆናችሁ በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር የሚሠራውን ኪት ምረጡ።

ኮባስም ሆነ ማግሉሚ ዓይነት አውቶማቲክ ማሽን ካላችሁ፣ ፒፔት ማድረጉንም አጠባውንም ራሱ ስለሚሠራ የእጅ ስህተት ይቀንሳል። አንድም ናሙና ቢሆን ይሠራል። ለሩቤላ ብሎ ማሽን መግዛት ግን የማይሆን ነገር ነው። ለታይሮይድ የገዛችሁት ካለ ሪኤጀንቱን ብቻ ጨምሩ። እሱንም ቢሆን ከተከፈተ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሳትጠይቁ እንዳትገዙ፤ በወር አራት ሴት የምትመጣበት ቤት ግማሹን ይደፋዋል።

ለትንሽ ክሊኒክ የምመክረው አለመግዛትን ነው። ደሙን ቀድታችሁ፣ ሴረሙን (ከረጋው ደም የሚለየውን ፈሳሽ) እዚያው ለይታችሁ፣ በኮልድ ቦክስ ለምታምኑት ላቦራቶሪ ላኩ። «እዚያው» ያልኩት በምክንያት ነው። ያልተለየ ደም በሚኒባስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲንገላታ ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ከቀዘቀዘማ አለቀለት።

አሁን ስለ ቁጥሩ። ብዙ ኪቶች 10 ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትርን እንደ ወሰን ይጠቀማሉ። አብዛኞቹ ራሳቸውን የሚለኩት በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነው፤ ሩቢ-1-94 ይባላል። መለኪያው አንድ ነው ብላችሁ ውጤቱም አንድ ይሆናል እንዳትሉ። የኪቶቹ አንቲጅን (መከላከያውን የሚይዘው የቫይረሱ ክፍል) እና አሠራር ስለሚለያይ አንዱ 9 ያላትን ሴት ሌላው 20 ሊላት ይችላል። ኪት የቀየረ ላቦራቶሪ የአምናውን ቁጥር ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት የለበትም። ውጤት ወረቀቱ ላይ «አለ»፣ «የለም»፣ «አጠራጣሪ» የሚለው ይቅደም፤ የኪቱ ስምም ከጎኑ ይጻፍ።

ከየትኛውም ኪት ጋር የሚያዋጣ አንድ ወጪ አለ፤ ከወሰኑ ትንሽ ከፍ የሚል ኮንትሮል። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ፖዘቲቭ ኮንትሮል አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ኪቱ ቢደክም እንኳ ያልፋል። ከሌላ አምራች መግዛት ካልተቻለ፣ ዝቅተኛ ፖዘቲቭ የሆኑ ሴረሞችን ቀላቅሉ። ከኤችአይቪና ከሄፓታይተስ ነፃ መሆናቸውን አረጋግጡ። በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍላችሁ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ በየዙሩ አንድ እያወጣችሁ ሥሩ። አዲስ ሎት (የምርት ዙር) ሲመጣም አሮጌው ሳያልቅ ሁለቱን በዚሁ ሴረም አስተያዩ።

አቅራቢውን ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት። አጠራጣሪ የሚባለው ክልል ከስንት እስከ ስንት ነው? ኪቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየቱን በምን ያሳየኛል? ዕቃው እጄ ሲገባ የሚያበቃበት ቀን ስንት ወር ይቀረዋል? በሁለተኛው ላይ «አይዞህ፣ ችግር የለውም» ካላችሁ ሌላ አቅራቢ ፈልጉ።